ሁለት ሜትር ራቁ

ያዲራ ከአፏ የማይጠፋ አንድ ነገር ነበራት፤ «ሁለት ሜትር ራቁ!» ትላለች። ለጀርመኑም ትላለች፣ ለጃፓኑም ትላለች፣ ካሜራውን ወፍ አፍንጫ ላይ ለሚደቅን ሁሉ ትላለች። የጋላፓጎስ ደሴቶች ሕግ ነው፤ ሰው ወደ እንስሳ ከሁለት ሜትር ባነሰ ርቀት አይጠጋም። እንስሳው ራሱ ሲመጣ ግን ምን ይደረጋል? እንስሳ ሕግ አያነብም።

ክፋቱ ያዲራ ይህንኑ ሕግ ለወንዶችም ማዋል ጀምራለች። ቆንጆ ናት፣ ሥራዋን የምታውቅ አስጎብኚ ናት፣ ጨዋታ ይሆንላታል። የምትኖርባት የሳን ክሪስቶባል ደሴት ወንድ አንድ እርምጃ ሲጠጋት ግን እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። «ያቺን ልጅ ተዋት፤ ብሔራዊ ፓርክ ናት፣ አይቶ መመለስ ነው» ይላሉ የወደቡ ጎረምሶች።

ምክንያት አላት ታዲያ። ታላቅ እህቷ ኔሊዳ ከዋናው ምድር፣ ከአህጉሩ የመጣ አንድ አፈ ቅቤ አግብታ ነበር። በደሴቶቹ ያልተወለደ ሰው የሥራ ኮንትራቱ ሲያልቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ የደሴት ልጅ ያገባ ግን የነዋሪነት መታወቂያ ያገኛል። አፈ ቅቤውም አገባ፣ መታወቂያው ወጣለት፣ በወጣ በሳምንቱ ማዶ ደሴት ላይ ከሌላ ሴት ጋር የቲሸርት ሱቅ ከፈተ። አባታቸው ዶን ሴራፊን የዚያን ለት በዓሣ ገበያው ፊት ማለ፤ «ከእንግዲህ መታወቂያ ፈላጊ በሬን ቢያንኳኳ መልሱ በመቅዘፊያ ነው!» አለ። ዓሣ አጥማጅ ነው፣ መቅዘፊያውም ቀላል አይደለም።

ዊልመር እንግዲህ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

«ዶኛ ቹላ» የምትባል መርከብ ነበረች፤ ጥቂት እንግዶች ይዛ በእሳተ ገሞራ ደሴቶቹ መሀል የምትዞር፣ ቀለሟ በየዓመቱ የሚታደስ፣ ሞተሯ ግን እንደ አሮጊት የሚያጉረመርም። ያዲራ የምትሠራው እዚያ ነው። አንድ ጠዋት ወደብ ላይ እንግዶቿን ስትጠብቅ፣ አንድ ቀጭን ሰው ሙሉ የአረንጓዴ ሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ወደ ጀልባ በሚያወርደው ደረጃ ላይ ቆሞ ሲለማመጥ ሰማች። ደረጃውን ዘግታ የተኛች አንዲት ወፍራም የባሕር አንበሳ ነበረች።

«እመቤቴ፣ እባክሽ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» ይላል ሰውየው። «አዲስ ምግብ አብሳይ ነኝ። በመጀመሪያ ቀኔ አታስባርሪኝ።»

የባሕር አንበሳዋ አዛጋች።

«እሺ፣ ካስቸገርኩሽ ባልሽን ላናግር?»

መልስ ሲያጣ እግሩን አንስቶ በላይዋ ሊሻገር ሲል ያዲራ ጮኸች፤

«ሁለት ሜትር!»

ሰውየው ደንግጦ ዘለለ። እሱ ደረጃው ላይ ቀረ፣ ሙዙ ባሕር ገባ። የባሕር አንበሳዋ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችና ተንሸራታ ገባች፤ ሙዙን በአፍንጫዋ እየገፋች መጫወት ያዘች። ደረጃውም ነፃ ሆነ።

«አየሽ?» አለ ሰውየው ወደ ያዲራ ዞሮ። «ሙዝ ሰጠኋት፣ መንገድ ሰጠችኝ። በእኛ ሰፈር ይሄ ጉቦ ይባላል።»

«እንስሳ መመገብ ክልክል ነው!»

«እኔ መች መገብኳት? በጩኸትሽ ያስጣልሽኝ አንቺ ነሽ። ቅጣት ካለ እኩል እንካፈላለን።»

ያዲራ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ከእህቷ ጉድ ወዲህ ወንድ ፊት እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ተናደደችበት። ዊልመር ይባላል፤ ከማናቢ የባሕር ዳርቻ፣ ክሩሲታ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። ከዋናው ምድር ማለት ነው። ያዲራ ይህን ስትሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት እንግዶቹን ይዛ ወደ ደሴት ልትወርድ ስትል ከኩሽናው መስኮት አንድ እጅ ይወጣ ጀመር። እጁ ላይ በናፕኪን የተጠቀለለ ቦሎን አለ፤ አረንጓዴ ሙዝ ከአይብ ጋር ተደቁሶ፣ ድቡልቡል ተደርጎ የተጠበሰ። የመጀመሪያ ቀን «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» አለች። እጁ ግን አልገባም፤ እዚያው ተዘርግቶ ቀረ። ሰው እያየ ነው፤ ምን ታድርግ፣ ተቀበለች። ደሴት ላይ ምግብ ይዞ መውረድ ደግሞ ክልክል ነው፤ እዚያው መስኮቱ ሥር ቆማ ካልበላች አትወርድም። ቆሞ ከሚበላ ሰው ጋር መቼም ወሬ አይቀርም።

ወሬው በቦሎን ጀመረ፤ ወደ እናቱ ወደ ዶኛ ኦብዱሊያ ሄደ፤ ከዚያ ለምን ሌሊት ሌሊት ሞተሩ ሲያጉረመርም እንቅልፍ እንደማይወስዳት ወደ መጠየቅ ደረሰ።

«አንተስ ሞተሩ አይረብሽህም?» አለችው አንድ ቀን።

«የሚረብሸኝ ሌላ ነው።»

«ምንድነው?»

ዊልመር ቀይ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ። ቢላዋው ቆም አለ፣ ቀና ብሎ አያት፣ እሷም አየችው። ቦሎኑ ቀዘቀዘ። ከላይ ካፒቴን ባልታሳር «ያዲራ! እንግዶቹ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ እየጠበሳቸው ነው!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ እስከ ምሳ እዚያው በቆሙ ነበር።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። ያዲራ እንደወደደችው ታውቃለች፤ እንደሚወዳትም ጠርጥራለች። እሱ ግን ትንፍሽ አይልም። ሾርባ ሲያቀርብ ለአገር የሚተርፍ ምላስ አለው፤ የልቡን ልናገር ሲል ግን ሽንኩርት ይከትፋል። መርከቡ ላይ የዚያን ሰሞን ያለ ሽንኩርት የቀረበ ምግብ አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ካፒቴኑ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ነገሩን አፈረጠው። ካፒቴን ባልታሳር የያዲራ የክርስትና አባት ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ቡቡ። ዶኛ ቹላ ለጥገና ወደ ዋናው ምድር ልትሄድ ነው፤ ጉዞው እሁድ ያልቃል፣ የኮንትራት ሠራተኞች ኮንትራትም ከእሱ ጋር። ኮንትራት ከሌለ የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ዊልመር እሁድ አውሮፕላን ላይ ነው።

«ለስንብት ያህል» አለ ካፒቴኑ ለዊልመር፣ «ዛሬ ከእንግዶቹ ጋር ውረድና ኤስፓኞላ ደሴትን እይ። ከኩሽና መስኮት ብቻ አይተሃት አትሂድ።»

ዊልመር የሚወርድበት ሌላ ጫማ አልነበረውም፤ በሰማያዊ የኩሽና ጫማው ወረደ።

ኤስፓኞላ ላይ የባለ ሰማያዊ እግር ወፎች የፍቅር ወራት ነበር። ወንዱ ወፍ በሴቷ ፊት አንዱን ሰማያዊ እግሩን ያነሳል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሳል። ክንፉን ዘርግቶ አንገቱን ወደ ሰማይ ያንጠራራል፣ ያፏጫል። ከዚያ አንዲት ጠጠር ለቅሞ እግሯ ሥር ያኖርላታል። ያዲራ ለእንግዶቹ ታስረዳለች፤ «ጠጠሩ ለምንም አይረባም። ጎጆ እንኳ አይሠሩበትም። ‹ይኸው፣ ላንቺ ነው› ለማለት ብቻ ነው።»

እንግዶቹ ወደ ወፎቹ ዞረው ካሜራቸውን ደቀኑ። ያዲራ ወደ ወፎቹ ማዶ ዞር ስትል ዊልመር እዚያ ቆሟል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። አንዱን ሰማያዊ ጫማውን ቀስ አድርጎ አነሳ። አስቀመጠ። ሌላውን አነሳ። ክርኖቹን እንደ ክንፍ ዘረጋ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ አንጠራራ፣ ሊያፏጭ ሞከረና ትንፋሽ ብቻ ወጣው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንዲት ጥቁር ጠጠር አነሳና ዘረጋላት።

ያዲራ ልቧ ቀጥ አለ። ደስታ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በመጀመሪያው ቅጽበት ደስታ ብቻ ነበር።

«ያዲራ» አለ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ—»

ያኔ ነው እሁድ ትዝ ያላት። ከእሁድ ጋር ኔሊዳ፣ ከኔሊዳ ጋር የቲሸርት ሱቁ።

«ዛሬ?» አለች። የገዛ ድምፅዋ ሻከረባት። «ይህን ሁሉ ወር ዝም ብለህ ከርመህ፣ ኮንትራትህ ሊያልቅ ሲል ዛሬ ትዝ አልኩህ?»

ዊልመር መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ሲገባው ታየ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ቅላት ቀስ እያለ ወረደ።

«እሺ» አለ። «እንዳልጠየቅኩሽ ቁጠሪው።»

«ድንጋዩንም መልሰው። ከደሴት ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው።»

«እመልሳለሁ።»

«ካነሳህበት ቦታ!»

ዊልመር ዞሮ መሬቱን አየ። ጠጠር በጠጠር ነው። ጎንበስ ብሎ እዚህ ሞከረ፣ እዚያ ሞከረ፤ አንድ ወፍ አጠገቡ ቆሞ በንቀት ተመለከተው። በመጨረሻ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ሁሉንም ቃኝቶ አንድ ቦታ አስቀመጠና ማንንም ሳያይ ወደ ጀልባው ሄደ። ያዲራ ማልቀስ አማራት፤ ግን አንዱ እንግዳ ወፍ ሊዳብስ እጁን ዘርግቶ ነበርና «ሁለት ሜትር!» ብላ ጮኸች።

ነገሩ እዚያ ቢቀር ጥሩ ነበር። አልቀረም። መርከቡ ላይ ማታ ማታ ከራት በፊት እንግዶቹ የዕለቱን ምርጥ ፎቶ በትልቁ ስክሪን ያሳያሉ። ወይዘሮ ቬርሌ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የቤልጂግ አስተማሪ ተራቸው ደረሰ።

«የሚጨፍረውን ወፍ አነሳሁ» አሉ፣ «ግን ሁለት ወጣብኝ።»

ስክሪኑ ላይ ከፊት ወፉ አንድ እግሩን አንስቷል። ከኋላ ዊልመር አንድ እግሩን አንስቷል። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ሰማይ አንጠራርተዋል። የጫማውና የእግሩ ሰማያዊ አንድ ዓይነት ነበር።

ሳሎኑ በሳቅ ፈነዳ። በዚያው ቅጽበት ዊልመር የሾርባ ድስት ይዞ ገባ፤ ስክሪኑን አየ፤ ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ካፒቴን ባልታሳር ግን አልሳቀም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ተነሣ፤ ቀጥታ ወደ ሬዲዮው። እሱ ነገር በሆዱ አያድርም፤ የሚነግረው ደግሞ በሬዲዮ ነው። ያንን መስመር ደሴቶቹ ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ እንደሚሰማው ሁልጊዜ ይረሳዋል።

«ሴራፊን፣ ሴራፊን፣ ዶኛ ቹላ ነኝ። ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ ባልታሳር። ምን ሆናችሁ?»

«ልጅህ ደህና ናት። ግን ምግብ አብሳያችን ጨፈረላት።»

ሬዲዮው ትንሽ ተንጫረረ። «ጨፈረላት ማለት?»

«እንደ ወፍ። ድንጋይም ሰጣት።»

«ተቀበለችው?»

«አስመለሰችው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

ሌላ ድምፅ ጣልቃ ገባ፤ «ባልታሳር፣ ያ የዓሣ ሾርባ የሚሠራው ልጅ ነው እንዴ?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ምን ነክቷት አስመለሰችው?»

«ማነህ አንተ?» አለ ዶን ሴራፊን።

«ማንም አይደለሁም። ዓሣ እያጠመድኩ ነው።»

ከዚያ ከሌላ ደሴት የሴት ድምፅ መጣ፤ «ልጁ የየት ነው?»

«ከማናቢ ነው» አለ ባልታሳር።

«ኡኡቴ! መታወቂያ ፈላጊ ነዋ!»

«ነው እንጂ!» አለ ዶን ሴራፊን። «እሁድ ወደብ ላይ እጠብቀዋለሁ። መቅዘፊያዬን ይዤ!»

ያዲራ ደረጃው ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ኩሽና ውስጥም ሬዲዮ ነበረ። ቢላዋው መክተፉን አቁሟል።

በማግስቱ ጠዋት ከመስኮቱ እጅ አልወጣም። ያዲራ እዚያው ቆማ ጠበቀች፤ አልወጣም። ባዶ ሆዷን ወረደች፤ የባሕር እንሽላሊቶቹን ፔንግዊን ብላ አስጎበኘች። ከሰዓት በኋላ አላስቻላትም፤ ኩሽና ገባች።

«ቦሎኔስ?» አለች።

«ሁለት ሜትር ራቂ፤ ዘይቱ ትኩስ ነው።»

አልራቀችም። «ዊልመር፣ ትናንት ያልኩህ…»

«እውነትሽን ነው ያልሽው። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። እሁድ የሚባረር ሰው ሐሙስ ድንጋይ ሲያነሳ ምን ይባላል?»

«ታዲያ ለምን ቀደም ብለህ አልተናገርክም?»

«ፈራሁ ነዋ!» አለ፤ ማማሰያውን ጣል አደረገ። «በየቀኑ ‹ነገ እነግራታለሁ› እላለሁ። ቦሎኑን ስሰጥሽ አፌ ይተሳሰራል። አንቺ ደግሞ እየበላሽ ስታዪኝ ጭራሽ ስሜም ይጠፋኛል።»

«አሁን ጠይቀኝ» አለች።

«አልጠይቅሽም።»

«ለምን?»

«አሁን ጠይቄሽ እሺ ብትዪ፣ ዕድሜ ልክሽን ‹ለኔ ነው ወይስ ለመታወቂያው?› ስትዪ ትኖሪያለሽ። ሾርባው ጨው በበዛበት ቀን ሁሉ ‹አዬ፣ መታወቂያውን ካገኘማ ምን ቸገረው› ትያለሽ። እኔ አገሬ እገባለሁ። መታወቂያም ምንም በሌለበት፣ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ እጠይቅሻለሁ። እዚያ ሆኜ የምፈልገው አንቺን ብቻ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አንተ ደረቅ!» አለች ያዲራ፤ እንባዋ ወረደ። የዚያን ሰዓት ጥርጣሬዋ ሁሉ ጥሏት ሄደ። ዊልመር ሊነካት እጁን ዘረጋና በዘይት የተጨማለቀ መሆኑን አይቶ መለሰው። ሽንኩርት አነሳ። አብረው ተላቀሱ፤ ደግነቱ በሽንኩርቱ ማላከክ ይቻላል።

እሁድ ወደቡ በሰው ተሞልቷል። ሬዲዮ የሰማ ሁሉ መጥቷል። ዶን ሴራፊን የሰርግ ሸሚዙን ለብሶ፣ መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ግማሹን አግዳሚ የባሕር አንበሳ ተኝቶበታል። የሚናገረውን ሌሊቱን ሲያጠናው ነው ያደረው።

ዊልመር ሻንጣውን ይዞ ከጀልባው ወጣ። ዶን ሴራፊን ብድግ አለ።

«መታወቂያ ፈላጊው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ ዶን ሴራፊን። እየሄድኩ ነው። ደህና ይሁኑ። ስለ ልጅዎ አመሰግናለሁ፤ ጥሩ አድርገው ነው ያሳደጓት።»

ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣ። ያዲራን አንድ ጊዜ ብቻ አያት፤ ከዚያ ታክሲ ገባ። አለቀ። ሰዉ ሁሉ ወደ ዶን ሴራፊን ዞረ። ዶን ሴራፊን መቅዘፊያውን ከትከሻው አወረደ፣ መልሶ ሰቀለ።

«ምን ማለቱ ነው እየሄድኩ ነው?» አለ። «ልጄ ምን ጎደላት? ሳይጠይቀኝ?»

«ቢጠይቅህስ ልትመታው አልነበር?» አለችው ኔሊዳ።

«እሱ ሌላ ነገር ነው! መጠየቅማ ነበረበት!»

ያዲራ አባቷን አላናገረችም። ዊልመር ቃሉን አልበላም፤ በማግስቱ ከክሩሲታ ደወለ። ከጀርባው የእናቱ ዶሮዎች ይንጫጫሉ።

«ያዲራ» አለ፣ «እዚህ ምንም የለም። መታወቂያም የለም፣ ደሴትም የለም። አንቺን እፈልጋለሁ። ታገቢኛለሽ?»

ያዲራ ስልኩን በሁለት እጅዋ ያዘች። «እሺ» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማት።

ራት ላይ ለአባቷ ነገረችው። «ክሩሲታ እሄዳለሁ፣ አባባ። እዚያ ነው የምንኖረው። መታወቂያውን አልፈልግም ብሏል።»

ዶን ሴራፊን ማንኪያውን አስቀመጠ። ለመናገር ያጠናው ነገር ሁሉ ስለ መታወቂያ ነበር፤ ይሄ ውስጡ የለም።

«ክሩሲታ ምን አለና?» አለ። «ወፍ አለ?»

«ፔሊካን አለ።»

«ፔሊካን! ፔሊካን ደግሞ ወፍ ሆኖ ነው? አንቺ አልባትሮስ ስታሳዪ የኖርሽ ልጅ ፔሊካን ልታሳዪ?» ድምፁ ተሰበረ። «ልጅ ብትወልዱስ? እኔ አውሮፕላን እንደማልሳፈር ታውቂያለሽ። የልጅ ልጄን በሬዲዮ ላየው ነው?»

ኔሊዳ ዓሣዋን እየፈለፈለች ቀና ሳትል ተናገረች። «አባባ፣ የኔው ባል መታወቂያውን ወስዶ ሚስቱን ተወ። ይሄኛው ሚስቱን ወስዶ መታወቂያውን ሊተው ነው። አንተ የቱ ይሻልሃል?»

ዶን ሴራፊን ሳህኑን ገፋ። ከዚያ ጠረጴዛውን ደበደበ።

«መታወቂያው ምን ሆነና ነው የሚንቀው?» ብሎ ጮኸ። «ይውሰደው እንጂ! ማን አትውሰድ አለው?»

«አንተ ነህ» አሉ ሁለቱ እህትማማቾች እኩል።

ደወሉለት። ዊልመር በስልክ «አይሆንም፣ ዶን ሴራፊን፤ ቃሌ ነው» አለ። ዶን ሴራፊን ተለማመጠ፣ ተቆጣ፣ ስለ ማናቢ ሰው ግትርነት ብዙ ተናገረ፤ ዊልመር ወይ ፍንክች። እንግዲህ ደረቅን ሰው በስልክ አይለምኑትም፤ ሽማግሌ ይዞ ደጁ መሄድ ነው። ሽማግሌው ካፒቴን ባልታሳር ሆነ። የሴት አባት የወንድ ደጅ ሲጠና ማን ሰምቶ ያውቃል? አሁን ግን መላው ደሴት ሰማ፤ ባልታሳር በሬዲዮ ተናግሯላ።

ዶን ሴራፊን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፈረ። አውሮፕላኑ ሲነሣ የያዲራን እጅ እስኪደነዝዝ ጨመቀ። «ይሄ ነገር መልሕቅ የለውም?» ብሎ አስተናጋጇን ጠየቀ።

ክሩሲታ ሲደርሱ ዶኛ ኦብዱሊያ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። አጭር፣ ወፍራም፣ ክንዳቸውን ያጣመሩ ሴት ናቸው። ዶን ሴራፊን ያመጣውን ደረቅ ዓሣ አቅርቦ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሜቴ፣ ልጅዎን ለልጄ ልንለምን ነው የመጣን።»

«ለምን ፈለጋችሁት?» አሉ ዶኛ ኦብዱሊያ።

«እንዴ፣ ሊያገባት ነዋ።»

«የልጄን ሾርባ የቀመሰ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው። መርከባችሁ ተጠግና ምግብ አብሳይ ስታጡ ነው የመጣችሁት? እኔ ሾርባ ፈላጊ በሬን እንዳያንኳኳ ምያለሁ!»

ካፒቴን ባልታሳር መሬት መሬት አየ፤ ካሉት ውስጥ እውነት ነበረበት። ዶን ሴራፊን ግን ኮፍያውን አወለቀ። ይህን ንግግር ያውቀዋል። የራሱ ነው።

«እሜቴ» አለ በመጨረሻ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «እኔም እንደዚሁ ስል ነበር። በዚያ ምክንያት ልጄን ላጣት ነበር። እርስዎ አይሳሳቱ።»

ዶኛ ኦብዱሊያ ወደ ያዲራ ዞሩ። «አንቺ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ሾርባው ጨው ቢበዛበትም እወደዋለሁ፣ እሜቴ» አለች ያዲራ።

አሮጊቷ ክንዳቸውን ፈቱ። «ልጄ ጨው አያበዛም» አሉ፤ «ግን ግቡ። መታወቂያውን ግን ይውሰድ፤ ያለዚያ እዚህ ተቀምጦ ሽንኩርቴን ይጨርሰዋል።» ዊልመር እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም።

ዊልመር ቤት አልነበረም፤ ባሕሩ ዳር ነበር። ያዲራ ስትደርስ አየችው፤ ሰማያዊ ጫማውን አድርጓል። አንዱን አነሳ። አስቀመጠ። ሌላውን አነሳ። አንገቱን አንጠራራ፣ በዚህ ጊዜ ፉጨቱም ወጣለት። ጎንበስ ብሎ ከባሕሩ ዳር አንዲት ነጭ ጠጠር አነሳና ዘረጋላት።

«ከየት ነው ያነሳኸው?» አለች ያዲራ፤ ልማድ ሆኖባት ነው።

«ከዚህ። ማንም አይቆጣም፤ አገሬ ነው።»

ጠጠሩን ተቀብላ ጨበጠችው። ወደ ደሴት ይዛው እንደማትገባ ታውቃለች፤ ከዋናው ምድር አፈርም ድንጋይም አያስገቡም። ስለዚህ «እናትህ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ እሱን ለማየት በየዓመቱ እንመጣለን» አለችው። ዊልመር ይህን ሲሰማ ሳቀ፣ ወደ እሷ መጣ፣ አቀፋት። እሷም አንድ እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አላለችም።

ከቤቱ በር ላይ ዶን ሴራፊን አያቸውና ደም ሥሩ ተገታተረ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ገና አልተጋባችሁም! ሁለት ሜትር ራቁ!»

ያዲራ ከዊልመር ትከሻ ላይ ቀና ብላ ጮኸች፤

«ራሱ ከመጣ ሕጉ አይሠራም፣ አባባ!»